የአገጬ መስመር

ትናንት ማታ ባልዲ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ከመዋኛ ገንዳችን ቀድቼ ሞላሁት፣ እንዳይንሳፈፍብኝ ድንጋይ ከተትኩበትና የገንዳው መውረጃ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት። የውስጡ ውሃና የውጭው ውሃ እኩል እስኪሆኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ቀነስኩለት። ከዚያ በማርከር ከውስጥም ከውጭም አንዳንድ መስመር አሰመርኩ። ባልዲውና ገንዳው የሚያገኙት ፀሐይም ነፋስም አንድ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ እኩል ከቀነሱ ውሃው ተንኖ ነው፤ ገንዳው ከባልዲው አብልጦ ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው።

ውሃው ሲቀንስ ያየሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ "ተንኖ ነው ባክሽ" ብሎ አለፈው። ልጄ ደግሞ "እማዬ ጀመራት" አለች። ነገሩ ያስቃል፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ ገንዳውን አዘውትሬ የማየው እኔ ነኝ፣ የማልገባበትም እኔው ነኝ። መዋኘት አልችልም። እናቴ በልጅነቴ ወንዝ ዳር ባለፍን ቁጥር እጄን ጠበቅ አድርጋ እየያዘች "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው" ትለኝ ነበር። ይኼው እስካሁን እጄን አልለቀቀችኝም።

ታዲያ ለምን አስቆፈርሽ የሚለኝ አይጠፋም። ልጄ እንደ እኔ እንዳትሆን ነው የምለው። ግማሹ እውነት ነው።

የጥልቀቱ ክርክር ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ባለቤቴ ዘሎ የሚጠልቅበት ገንዳ ነው የፈለገው፤ ሁለት ሜትር ተኩል አለ። እኔ ከዳር እስከ ዳር 1.10 ይሁን አልኩ። "እሱማ ገንዳ ሳይሆን የእግር መታጠቢያ ነው" አለኝ። ተስማማን ከማለት ደከመን ማለት ይሻላል፤ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 4፣ ጥልቀቱ ከ1.10 ተነስቶ ቀስ እያለ እስከ 1.80 የሚወርድ ሆነ። ዘሎ መጥለቁ ቀረ። 1.80 ውሃ ውስጥ በጭንቅላት መግባት አንገት እንደሚሰብር ፎርማኑ በእርጋታ ሲናገሩ ባለቤቴም ዝም አለ።

የዚያን ዕለት ማታ የበሩ መቃን ላይ ተደግፌ ራሴን ለካሁ። ቁመቴ 1.68፣ አገጬ 1.45 ላይ። ከዚያ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ወለሉ በ8 ሜትር ውስጥ 70 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ አገጬ ውሃውን የሚነካው ልክ 4 ሜትር ላይ ነው፣ እምብርቱ ላይ። በማግስቱ ለፎርማኑ ነገርኳቸው፦ እዚያ ቦታ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሴራሚክ ወለሉ ላይ እንዲነጠፍልኝ።

"እትዬ፣ መሃሉ ላይ መስመር ለምን ያስፈልጋል?"

"ከዚያ ወዲያ እኔ የለሁም፣ ጋሼ።"

አልሳቁብኝም። ከጆሯቸው ላይ እርሳሱን አውርደው ፕላኑ ላይ አሰመሩት።

ቁፋሮው ፈጣን ነበር፤ ኤስካቫተሩ በኖራ የተሰመረውን መስመር ተከትሎ በአንድ ቀን ተኩል ጨረሰው። ያላሰብኩት አፈሩን ነው። አፈር ከጉድጓዱ ሲወጣ ያብጣል፤ መሬት ውስጥ 80 ሜትር ኪዩብ የነበረው ጓሮው ላይ ሲከመር ወደ 100 ሆነ። በገልባጭ መኪና አሥር ምልልስ። ጎረቤቶቻችንን ስለ አቧራው እንደገና ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

ያን ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስንወጣ አንደኛው ወገን ተንዶ ነበር፣ የጉድጓዱ ወለል ላይ ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ቆሟል። የዝናቡ መስሎኝ ነበር። በፓምፕ አወጡት፤ ከሰዓት በኋላ ያለ ዝናብ ተመልሶ መጣ። ከታች ነው የሚመነጨው። ለስንት ዓመት የተኛሁት በዚህ ውሃ ላይ ኖሯል።

ፎርማኑ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብለው ብዙ ካዩት በኋላ "ባዶ ገንዳ ጀልባ ነው" አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ግን ከገንዳው ሥራ ሁሉ ደጋግሜ የማስበው ይህን ነገር ሆነ። አርማታው ከወለሉ እስከ ግድግዳው ወደ 37 ቶን ይመዝናል። ከውጭ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ከገንዳው ሥር በላይ አንድ ሜትር ከፍ ቢል፣ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል በግምት ያንኑ 37 ቶን ያህላል። ገንዳው ሙሉ ከሆነ ግድ የለም፤ የውስጡ ውሃ 46 ቶን ሆኖ ይጫነዋል። አንድ ቀን ለማጠብ ተብሎ ባዶ የተደረገ እንደሆነ ግን ያ ሁሉ ፌሮና ሲሚንቶ ከመሬት ብድግ ሊል፣ ሊሰነጠቅ፣ ቧንቧውን ሊበጥስ ይችላል። ስለዚህ ከወለሉ ሥር የጠጠር ንጣፍ ተደረገ፤ በጠጠሩ ውስጥ የተበሳሳ ቱቦ ተዘርግቶ ውሃውን ጥግ ላይ ወዳለ ጉድጓድ እንዲወስድ ተደረገ። ወለሉ ላይም ከታች ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ የውጭውን ውሃ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቫልቭ ተገጠመ። ማለትም ገንዳው ከመንሳፈፍ ይልቅ ጠላቱን አስገብቶ ይሞላል።

እኔ ስፈራ የኖርኩት የውስጡን ውሃ ነው። እሳቸው የሚፈሩት የውጭውን። የሚያድነው ደግሞ ያው እኔ የምፈራው ሆኖ ተገኘ። ይህን ለባለቤቴ በጉጉት ስነግረው ስልኩን እያየ "እ" አለኝ።

የፌሮው ሥራ ያምራል፤ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር እየታሰረ ሲወጣ ትልቅ የዓሣ መረብ ይመስላል። አርማታው የተሞላ ቀን ግን ጫጫታው ራስ ስላዞረኝ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ መጣ፤ ማጠጣት። አርማታ የሚጠነክረው በመድረቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው ድንጋይ የሚሆነው፤ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይደክማል። ሰባት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጎማ ይዤ ግድግዳውንና ወለሉን አረሰረስኩ። የዚህ ገንዳ የመጀመሪያ ውሃ ከእጄ ነው የወጣው።

ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው አሉኝና ጠበቅን። በእነዚያ ሳምንታት ከሥራ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ በሠራተኞቹ መሰላል እወርድ ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ከጥልቀት አልባው ጫፍ ተነስቼ ወደ ጥልቁ እሄዳለሁ። መሃል ላይ ሠራተኞቹ በኖራ ምልክት አድርገዋል፤ እዚያ ስደርስ ቆም እልና እሻገራለሁ። 1.80 ላይ ግድግዳውን በመዳፌ ነክቼ ቀና ስል የሰማይ ቁራጭ ብቻ ይታያል። ድምፄ ይመለሳል። አንዴ ስሜን ጠራሁት፤ ተመልሶ ሲመጣ አፈርኩ። ውሃ ሲሞላ ፈጽሞ የማልቆምበት ቦታ ላይ ደርቄ ቆሜ "ይኼ ብቻ ነው?" ማለቴን አስታውሳለሁ። ከአናቴ በላይ 12 ሴንቲ ሜትር። አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

የወለሉ መውረጃ ሁለት ሆኖ ተራርቆ የተሠራበት ምክንያትም የገባኝ እዚያ ስሄድ ነው። አንድ ብቻ ቢሆንና ሰው በሰውነቱ ቢሸፍነው የፓምፑ መምጠጥ ሊይዘው ይችላል፤ ሁለት ከሆኑ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይስባል። ክዳኑም ጎበጥ ያለ ነው፣ ገላ እንዳይለጠፍበት። አጥሩን በተመለከተ ግን ክርክር አልፈቀድኩም። ባለቤቴ እይታ ይጋርዳል ሲል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውን አነበብኩለት፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 ሰው ሰጥሞ ሞቷል፣ ከአራቱም አንዱ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። የእኛ ልጅ አድጋለች፣ የጎረቤት ልጆች ግን አሉ። ዙሪያውን 1.20 ቁመት ያለው አጥር፣ ራሱ የሚዘጋ በር፣ መቀርቀሪያው ከላይ።

ሴራሚኩ ላይ ትንሽ ልማረር። ጠርዙን ዙሪያውን የሚዞረው ረድፍ ውሃው ፊት የሚያርፍበት ነው፣ ስለዚህ ከሁሉም በላይ ቀጥ ማለት ያለበት እሱ ነው። ሠሪው ልጅ ውሃ ልኩን በየሁለት ክንዱ እያስቀመጠ "ቀጥ ያለ ነው፣ እትዬ" ሲለኝ ሰነበተ። ሞላነው። ጎማውን አዲሱን ልስን እንዳይቦረቡረው ጨርቅ ጠቅልለን ወለሉ ላይ አስተኛነው፤ በደቂቃ 20 ሊትር፣ ከ38 ሰዓት በላይ፤ ውሃው መሃል ላይ ከቆመ ልስኑ ላይ ቀለበት ይተዋል ስለተባልን ሌሊቱን ተራ ገብተን ጠበቅን። በሁለተኛው ንጋት ውሃው ሴራሚኩ ጋ ሲደርስ አንዱ ጥግ ቀድሞ ረጠበ። በማስመሪያ ለካሁት፤ 11 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። ልጁ መጥቶ አየ፣ መሣሪያውን አየ፣ ውሃውን አየ። ያቺን የብርጭቆ ጠብታ ውሃ ልክ ብለን ስንጠራ ኖረን፣ ውሃው ራሱ መጥቶ ልካችንን ነገረን። ይነቀል ወይ ሲባል እምቢ አልኩ። ያቺ ጥግ አሁን ከገንዳው ሁሉ የምወዳት ናት፤ ባለቤቴ ግን እንግዳ ሲመጣ ፎጣ ይጥልባታል።

ሌላም ነገር ሆነ። ውሃው ከሞላ በኋላ መስመሬ ከፍ አለ። ውሃ ብርሃንን ስለሚሰብር ከላይ ሲያዩት ጥልቀቱ ሩብ ያህል ያጥራል፤ 1.45 የነበረው ወለል 1.10 ገደማ ላይ ያለ ይመስላል። ማለትም አገጬ የሚያልቅበት ቦታ ከዳር ሆኜ ሳየው ወገቤ ድረስ ብቻ የሚደርስ መስሎ ይታየኛል። እናቴ የብርሃን ትምህርት አልተማረችም፣ ነገር ግን እያሳሳቀ ስትል ይህንኑ ነበር ያለችው። ዳሩ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ልጄ ከውሃው ውስጥ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

ባለቤቴ ኬሚስት ሆኗል። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ከ7.2 እስከ 7.8፣ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፤ ፀሐይ ክሎሪኑን ስለምትበላው የሚጨምረው ማታ ማታ ነው። ዓይን የሚያቃጥለው ያ "የገንዳ ሽታ"ም ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር እንጂ የክሎሪን ብዛት እንዳልሆነ ለመጣው ሰው ሁሉ ያስረዳል። እንግዶቻችን ከዚህ ገለጻ በኋላ ለመዋኘት ትንሽ ያመነታሉ።

ዛሬ ማታ 24 ሰዓቱ ሞላ። ማስመሪያዬን ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴና ልጄ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ቴሌቪዥኑ ይሰማል። በሩ ከኋላዬ ራሱ ተዘጋ። ባልዲው ከነበረበት ሸርተት ብሎ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ዘንበል ብሏል፤ ድንጋዩ ባይኖር ኖሮ ተገልብጦ ነበር። ጎንበስ ብዬ ብሞክር እጄ አልደርስ አለ። ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ከመጀመሪያው ደረጃ ሆኜ የውጭው መስመር በውሃ ተሸፍኖ አይነበብም፣ ስለዚህ ባልዲውን አቅፌ ቀና አድርጌ፣ አንድ ደረጃ አነሳሁትና እንደ ነበረው አስቀመጥኩት። የውስጡ 4 ሚሊ ሜትር ቀንሷል። የውጭውን ለማንበብ ከፊት ለፊቱ መቆም ነበረብኝ፤ እሱም 4።

እኩል ነው። ገንዳው አያፈስም። በ32 ሜትር ካሬ ላይ 4 ሚሊ ሜትር፣ 128 ሊትር ውሃ፣ ማንም ሳያየው በአንድ ቀን ወደ ላይ ሄዷል። ባለቤቴ ትክክል ነበር፤ ጠዋት እነግረዋለሁ፣ ዛሬ አይደለም።

ባልዲው ውስጥ ያለውን ወደ ገንዳው መልሼ ደፋሁት። ያን ጊዜ ነው ቀሚሴ እስከ ጭኔ መርጠቡን ያየሁት። ባልዲውን ከፊት ለማየት ስዞር ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወርጃለሁ፤ ጠርዙን የያዘ እጅ የለኝም፣ አንዱ ማስመሪያ፣ አንዱ ባልዲ ይዟል። ውሃው ቀን የዋለበት ሙቀት ገና አልለቀቀውም። ሰማያዊው መስመር ከእግሬ ሦስት ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ቅርብም ይመስላል።

ባልዲውን ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩት። ማስመሪያውንም።