ነጠላውና ካሜራው

እኔ በምሠራበት ክፍል ሕመምተኛ ሲጥለው ሠራተኛው እፎይ ይላል። በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ቴክኒሻን ነኝ። የሚጥል በሽታቸው በመድኃኒት አልገታ ያለ ሰዎች ይተኛሉ፤ ኤሌክትሮዶቹን ራሳቸው ላይ እለጥፋለሁ፣ ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ይቀንሳል፣ ካሜራው ሌትና ቀን እንደበራ ሕመሙ እስኪነሣ እንጠብቃለን። ሕመሙ ከአንጎል የትኛው ቦታ እንደሚነሣ ካላገኘን ቀዶ ሐኪሙ የሚያወጣው ነገር የለም።

ሁለት ተስማሚ መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተሞክረው ካላቆሙት፣ መድኃኒት የማይበግረው ይባላል፤ ከሕመምተኞቹ ሲሶ ያህሉ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ሦስተኛና አራተኛ ክኒን እየጨመሩ ዓመታት መግፋት የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልወድም። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ የካናዳ ጥናት ሕመማቸው ከቴምፖራል ሎብ፣ ማለትም ከጆሮ አቅራቢያ ካለው የአንጎል ክፍል፣ የሚነሣ 80 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ከዓመት በኋላ ራስን ከሚያስተው ሕመም የዳኑት ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ከቀጠሉት ግን 8 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ወጣቱ ከእናቱ ጋር ገባ። ከአገር ቤት ጀምሮ ጸበሉም ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ ክኒንም አልቀረበትም። የመጀመሪያው ሲነሣ ሮጠን ስንደርስ እናትየው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በነጠላ ሸፍነውት ላዩ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ቀረጻውን ስናየው የኢኢጂው ሞገድ አለ፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ግን የሚንቀጠቀጥ ነጠላና የእናትየው ጀርባ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። አንድ ባልደረባዬ እናትየው ከክፍሉ ይውጡ አለ። እኔ ግን እምቢ አልኩ፤ ልጁን ከማንም በላይ የሚያውቁትን ሰው አስወጥተን ምን ልናይ ነው?

ጎናቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ለምን ይሸፍኑታል?»

«ሰው ቆሞ እንዲያይብኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። «አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይደቅናል፣ ሌላው ‹ለሃጩ እንዳይነካህ፣ ይጋባብሃል› እያለ ይሸሻል። ከነጠላዬ በቀር ማን ነበረው፣ ልጄ?»

በለሃጭ እንደማይጋባ እሳቸው ያውቃሉ፤ የማያውቀው መንገደኛው ነው። ቀረጻውን የሚያዩት የሚያክሙት ብቻ እንደሆኑ ነገርኳቸው። ከዚያ ሲነሣበት ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኳቸው። እንዲህ ያለ ምስክር ገጥሞኝ አያውቅም። «መጀመሪያ ‹ከሆዴ ወደ ላይ እየወጣ ነው› ይለኛል። ከዚያ ዓይኑ ይፈጣል፣ ያላምጣል። ግራ እጁ ይቆለመማል፣ በቀኙ አንሶላውን ይነካካል። ሲለቀው በቀኙ አፍንጫውን ይጠርጋል።»

ለሐኪም ይህ ካርታ ነው። የሚቆለመመው እጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሕመሙ መነሻ በተቃራኒ በኩል ያለው ነው፤ የሚነካካውና አፍንጫ የሚጠርገው ደግሞ በዚያው በመነሻው በኩል ያለው። ሁሉም ወደ ቀኝ ይጠቁማል። ይሁንና የቃል ምስክርነት ብቻውን የራስ ቅል አያስከፍትም፤ መታየት አለበት።

ቀጣዩ ሲነሣ በኮሪደሩ በኩል ያለውን መጋረጃ ዘጋን። እማማ ከካሜራው ፊት ዞር ብለው ብርድ ልብሱን ራሳቸው ገፈፉና «ግራውን እዩት! ግራውን!» እያሉ ጮኹ። አማርኛ የማትሰማው ነርስ ደንግጣ ምን ሆኑ አለችኝ። እያስተማሩን ነው አልኳት።

ኤምአርአዩም የቀኙ ሂፖካምፐስ፣ ማለትም በቴምፖራል ሎብ ውስጥ ለማስታወስ የሚያገለግለው ክፍል፣ ተኮማትሮ ጠባሳ እንደያዘ አሳየ። እማማ የፈሩት ልጃቸው ማስታወስ እንዳያቅተው ነበር፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን ከሁለቱም በኩል ስለወጣለት ሕመሙ ቢቀንስለትም፣ እስከ ዕለተ ሞቱ አዲስ ነገር በትዝታው መያዝ ተሳነው። ዛሬ ከሁለቱም በኩል አይወጣም፤ የሚቀረው ወገን ሸክሙን መቻሉም አስቀድሞ ይፈተናል። የልጁ ግራ ወገን ፈተናውን አለፈ፣ ቀዶ ሕክምናውም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አልጣለውም። ክኒኑን ግን ሐኪሙ እስካሁን አላስቆመውም፤ እማማ በዚህ በጣም ተቀይመዋል።

አሁን ኤሌክትሮድ ከመለጠፌ በፊት አስታማሚውን «ሲጥለው እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ለአበሻ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካዊውም ላዩ ላይ ተደፍቶ ያቅፋል። እጁን ጭምቅ አድርገው የሚይዙም አሉ፤ የተያዘ እጅ ደግሞ መቆልመም አለመቆልመሙን አያሳይም።