ሮቶው ሙሉ፣ ትሪው ደረቅ

አደጋው የደረሰው በምርት ወቅቱ የመጨረሻ ማፍላት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥፋት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያኔ ይበዛል። ቦታው በአሜሪካ ሰሜን ቨርሞንት የሚገኝ 300 ታፕ ያለው ትንሽ የሜፕል ሲረፕ (ሜፕል ከሚባል ዛፍ የሚቀዳ ውሃ እስኪወፍር ተፈልቶ የሚገኝ ጣፋጭ ፈሳሽ) ማምረቻ ሲሆን፣ ግማሹ ዛፍ በባልዲ፣ ግማሹ በሰማያዊ ቱቦ ይቀዳል። ታፕ የሚባለው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ዛፉ ላይ የሚሰካው ትንሽ አፍንጫ ነው። ሥራው ላይ ባለቤቱና አንድ ተቀጣሪ ወጣት ነበሩ፤ ሁለቱም ከሰነበቱ እንቅልፍ በቅጡ አላዩም።

ማፍያው በእንጨት የሚሠራ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው ነው። ምድጃው ላይ ሁለት ትሪ ተደርድሯል። የኋላው ትሪ ወለሉ እንደ እርሻ ትልም ተጣጥፎ ወደ ላይ የተነሣ ነው፤ እሳቱ በእጥፋቶቹ ሆድ ውስጥ እያለፈ ብዙ ብረት ስለሚነካ ቶሎ ያፈላል። ጥሬው የዛፍ ውሃ መጀመሪያ የሚገባው እዚህ ነው። ከዚያ እየወፈረ ወደ ፊተኛው ጠፍጣፋ ትሪ ያልፍና በክፍልፋዮቹ መካከል እየተጠማዘዘ መጨረሻው ክፍል ላይ ሲረፕ ይሆናል። ከሁሉም በላይ፣ መደርደሪያ ላይ 600 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ። ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ወደ ትሪው የሚገባውን መጠን የሚቆጣጠረው እንደ ሽንት ቤት ታንከር ኳስ ያለ ተንሳፋፊ ነው።

የወቅቱ መጨረሻ የዛፍ ውሃ የመጋቢቱ ዓይነት አይደለም። ሙያተኞቹ «የ86 ሕግ» የሚሉት አለ፤ 86ን ለውሃው የስኳር መቶኛ ስታካፍለው ለአንድ ሊትር ሲረፕ ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ ይነግርሃል። ስኳሩ 2 በመቶ ሲሆን 43 ሊትር ይበቃል። ወደ 1.2 በመቶ ሲወርድ 72 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። ስለዚህ ያ የመጨረሻው 600 ሊትር የሚሰጠው ስምንት ሊትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ሲረፕ ነው፤ ለዚያውም በሰዓት 80 ሊትር በሚያተን ማፍያ ሰባት ሰዓት ተኩል ፈጅቶ። በዚያ ላይ አየሩ ሲሞቅ በውሃው ውስጥ ጀርሞች ይራባሉ፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ያሟልጫል፣ ሲረፑ ይጠቁራል። ዛፉ ቡቃያ ማበጥ ከጀመረማ ሲፈላ ደስ የማይል ሽታ ያመጣል፣ ይህን ሽታ ደግሞ የትኛውም ማጣሪያ አያወጣውም። እውነቱን ለመናገር ያ ሮቶ ከመጀመሪያው መደፋት ነበረበት። ግን እጅ ላይ ያለን ነገር መድፋት ለማንም ይከብዳል።

አሠራሩ ግልጽ ነው። የዛፉ ውሃ ሲያልቅ ማፍያው አይጠፋም፤ ሁለቱ ትሪዎች ውስጥ ገና ሲረፕ ያልሆነ፣ ግን የብዙ ቀን ስኳር የተጠራቀመበት ፈሳሽ አለ። ይህን ጣፋጭ ወደ ፊት ለመግፋት ከኋላው ንጹሕ ውሃ ይለቀቃል። ባለቤቱ ባልዲ ሊሰበስብ ወደ ጫካው ሲወጣ ለወጣቱ የሰጠው መመሪያም ይኸው ነበር፦ «ሮቶው ሲያልቅ ከጉድጓዱ ውሃ ሙላበት። ባዶ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቅ።»

ወጣቱም የተባለውን በትክክል ፈጸመ። ሮቶውን በጎማ ሞላ፤ እንደ ልማዱም በየ8 ደቂቃው እንጨት ጨመረ። ችግሩ የነበረው ከዓይን የተሰወረ ቦታ ነው። ለሳምንታት የሮቶው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ልጋግ በጎማው ግፊት ተላቆ ወረደና መውጫው ላይ ያለውን ወንፊት ደፈነው። ሮቶው ሞልቶ ሳለ ወደ ትሪው የሚወርደው ውሃ ወደ ጠብታ ተለወጠ።

ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። የኋላው ትሪ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። ፈሳሹ ከእጥፋቶቹ ጫፍ በላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ብረቱን ሸፍኖ ያለው 18 ሊትር ብቻ ነው። ይህ ትሪ ብቻውን በሰዓት 65 ሊትር ያህል ያተናል። ስለዚህ መግቢያው ከተዘጋ በ16 ወይም በ17 ደቂቃ ውስጥ የእጥፋቱ ጫፍ አየር ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወጣቱ ሁለት ጊዜ እንጨት ጨምሯል ማለት ነው።

ሁለቱ ትሪዎች የተያያዙ ስለሆኑ የፊተኛውም አብሮ ወረደ፤ እዚያ ያለው ደግሞ ሊጠጥር የደረሰ ሲረፕ ነው። ምልክቶቹ በየተራ መጡ። እንፋሎቱ ሳሳ፣ የማያቋርጠው የመፍላት ድምፅ ወደ መንጣጣት ተቀየረ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ቤቱን ሞላው። ባለቤቱ ከውጭ ሽታውን ሰምቶ እየሮጠ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው «ሮቶው ላይ ስንት አለ?» ብሎ ነው። «ሙሉ ነው!» አለ ወጣቱ። ሁለቱም ቀና ብለው ሮቶውን እያዩ፣ ከፊታቸው ትሪው ይቃጠል ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ወጣቱ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ አንሥቶ በነደደው ብረት ላይ ከለበሰ። ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ወደ ላይ ፈነዳ። ረጅም የቆዳ ጓንት ባያደርግ ኖሮ እጁ ይላጥ ነበር፤ አንጓው ላይ ትንሽ ተቃጥሎ አመለጠ። ትሪው ግን ተንሻፈፈ፣ የእጥፋቶቹም መጋጠሚያ በሁለት ቦታ ተከፈተ። የመጋጠሚያው ብየዳ እርሳስ የሌለበት ቆርቆሮ ሲሆን ከ240 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። ትሪው ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ብረቱ ከፈሳሹ የመፍያ ሙቀት ብዙ ስለማይርቅ ብየዳው ምንም አይሆንም። ፈሳሹ ሲያልቅ ግን ከሥር ያለው እሳት ያንን ብየዳ በደቂቃዎች ውስጥ ያቀልጠዋል።

እንዲህ ያለ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሳቱ ነው። ከሥር አየር የሚገባበትን ዝጋ፣ የምድጃውን ዋና በር ክፈት፤ ቀዝቃዛ አየር በእሳቱ ላይ አልፎ ትሪውን ያበርደዋል። ብረቱ ገና በፈሳሽ ከተሸፈነ፣ ከጎን በኩል የሞቀ የዛፍ ውሃ ወይም የሞቀ ውሃ በዝግታ ጨምር። ብረቱ ከደረቀ ግን ምንም አትጨምር፤ ራቅ ብለህ ይብረድ። የተቃጠለ ትሪ ሊፋቅ ይችላል፣ የተንሻፈፈ ግን ቀና ቢደረግም ፈሳሹ እኩል አይተኛበትም።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ መመሪያው ሮቶውን ሳይሆን ትሪውን ተመልከት የሚል ሆነ፤ የትሪው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በ5 ሳንቲ ሜትር እና በ2.5 ሳንቲ ሜትር ልክ ጭረት ተደረገ፣ እንጨት የሚጨምረው ሰው በሩን ከመክፈቱ በፊት ጭረቱን ያያል። (ጥፋቱ የወጣቱ ነው የሚሉ አሉ። ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ የነገረው ማን ሆነና?) ሁለተኛ፣ የመጨረሻው እንጨት ከመጨረሻው የዛፍ ውሃ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይገባል። ፍሙ ብቻውን ለብዙ ጊዜ ማፍላት ስለሚችል፣ ውሃና እሳት እኩል ይለቁ ማለት ትሪውን ለፍም መስጠት ነው። ለክፉ ቀንም አራት ባልዲ የሞቀ ውሃ ማፍያው አጠገብ ይቀመጣል።

ለትንሽ ሥራ ግን በውሃ መግፋቱን ጨርሶ መተው ይሻላል። እሳቱን አጥፍቶ፣ ሲበርድ ሁለቱን ትሪዎች ወደ ንጹሕ የማይዝግ ድስት መገልበጥ፣ ከዚያ በጋዝ ምድጃ ላይ በትንሽ በትንሹ መጨረስ። ሲረፕ የሚሆነው በዚያ ቀን ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲበልጥ ነው። «በዚያ ቀን» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም፣ የአየር ግፊት ሲለዋወጥም እንዲሁ ነው። በሃይድሮሜትር፣ ማለትም በፈሳሽ ውፍረት መለኪያ፣ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የቨርሞንት ሕግ ቢያንስ 66.9 ብሪክስ (የስኳር መቶኛ) ይጠይቃል። ከዚያ ከቀጠነ ይቦካል፣ በጣም ከወፈረ ጠርሙሱ ሥር ስኳር ይጋግራል። ትኩስ እያለ ተጣርቶ ከ82 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይታሸግና ጠርሙሱ ለጥቂት ደቂቃ በጎኑ ይተኛል፤ ትኩሱ ሲረፕ ክዳኑንም ያጸዳዋል።

ቀጥሎ ጽዳት ነው። ትሪው ወለል ላይ የሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ፣ እነሱ «የስኳር አሸዋ» የሚሉት፣ ዋናው ክፍሉ ከዛፉ የሚመጣ ካልሲየም ማሌት ነው፤ በብረት መፋቂያ መታገሉ ትሪውን ከመቧጨር በቀር ብዙ አይረዳም። ርካሹ መንገድ የማይሸጠውን የመጨረሻ የዛፍ ውሃ ትሪው ውስጥ ሞልቶ፣ ከድኖ ለሳምንታት መተው ነው። ቦክቶ ሲኮመጥጥ አሲዱ ዝቃጩን ያላቅቀዋል፤ ሽታው ግን ጎረቤት ያስቀይማል። ነጭ ኮምጣጤም ይሠራል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። በፈረንጆች ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ የተበየዱ ትሪዎች እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ አሲድ እርሳሱን ያሟሟዋል፣ እንዲህ ያለ ትሪ ከነጭራሹ ከምግብ ሥራ መውጣት አለበት። ደግሞም ኮምጣጤና በረኪና አንድ ላይ አይገናኙም፤ የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው። በኮምጣጤ የጸዳ ትሪ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል።

በረኪና ለቱቦዎቹም አይመከርም። ውስጡ የሚቀረው ጨው ሽኮኮዎችን ይጠራል፤ በበጋው ቱቦውን ሲያኝኩት ይከርሙና በሚቀጥለው የካቲት አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ስታሳድድ ትውላለህ። ለትንሽ ሥራ ሙቅ ውሃ ይበቃል፣ ሳሙና ደግሞ ጣዕሙን ስለሚተው ባልዲም ላይ አይነካም።

ታፖቹ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ ይነቀላሉ። ቀዳዳው በምንም አይደፈንም፤ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል፣ ታፑ ውስጡ ከቆየ ግን ቁስሉ ይዘገያል። ነቅሎ መቁጠር ደግሞ ደንብ ነው፦ 300 ከተሰካ 300 መውጣት አለበት፤ አንዱ ከጎደለ ዛፉ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፣ ተመልሶ መፈለግ ያስፈልጋል። አመዱ ከምድጃው ይጠረጋል፣ በእጥፋቶቹ ሆድ ውስጥ የተለጠፈው ጥላሸት በብሩሽ ይወርዳል፣ ዝናብ ከጥላሸት ጋር ሆኖ ብረቱን እንዳይበላው የጭስ ማውጫው አናት ይከደናል። በዚያ ቤት ክዳኑ ወጣቱ ውሃውን የከለበሰበት ባልዲ ነው፤ ተገልብጦ በሽቦ ታስሯል።