እልባት እሰበስባለሁ፤ ላሚኔት ግን አላስደርግም

እልባት እሰበስባለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የምን ክርክር ነው?» ብሎ ነው። አልፈርድበትም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቃሉን የምንሰማው ማመልከቻ ላይ ነው፤ «ጉዳዬ እልባት እንዲያገኝልኝ» ሲባል። እኔ የምለው ግን ዋናውን እልባት ነው። ያነበቡበት ገጽ እንዳይጠፋ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባውን ክር፣ ብጣሽ ወረቀት፣ ቅጠል፣ የሎተሪ ትኬት።

አሁን 640 ገደማ አሉኝ። ቤተሰቦቼ ብዙ ይመስላቸዋል። ከ100,000 በላይ የሰበሰበ ሆላንዳዊ እንዳለ ስነግራቸው ግን «ሚስት አለው?» ይላሉ።

የጀመርኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ጉርድ ፎቶ አገኘሁ። ከጀርባው «ለማስታወሻ» ይላል፤ ስም የለውም። መጽሐፉን አላነበብኩትም። ፎቶውን ግን አስቀመጥኩት፤ ከዚያ በኋላ አሮጌ መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ገልብጦ ማራገፍ ሆነ። ሻጮቹ ለምደውኛል። አንዱማ እልባቱን ለብቻ ያወጣና መጽሐፉ ካልተሸጠልኝ አላሳይህም ይለኛል።

ማሰባሰቡ ቀላል ነው። አሳታሚ፣ ባንክ፣ መድኃኒት አስመጪ፣ የምርቃት ኮሚቴ፣ ሁሉም የታተመ እልባት ያድላል። ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። እኔ ግን እነዚህ ይሰለቹኛል። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። የምወደው እልባት ለመሆን ያልተሠራውን ነው፦ የሰርግ ጥሪ ቁራጭ፣ የፈተና መግቢያ ካርድ፣ የመዘዞ አውቶቡስ ትኬት፣ በእርሳስ «እዚህ ድረስ ነው የሚወጣው» የተባለበት ብጣሽ። የፍቅር ደብዳቤም አለኝ፤ ሁለት። አላነበብኳቸውም ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ነገር ግን አትንኩ። መንዝ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ አሳይተውኝ ነበር። ከቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቀይና አረንጓዴ ክር ተሰፍቶ ወጣ ብሏል፤ ካህኑ ክሩን ሲጎትት ንባቡ ወይም ሥዕሉ ያለበት ገጽ ይከፈታል። ጣቴን ዘረጋሁ፤ ለመንካት ብቻ። መሪጌታው «ይቺ ከወጣች መጽሐፉ ዕውር ነው» አሉኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ለነገሩ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 አለ፤ ክሯም የቅርሱ አካል ናት። «ክር እኮ ነው» የሚል ሰብሳቢ ካጋጠማችሁ ሽሹት። እስከ ዛሬ ከተገኙት እልባቶች ሁሉ ጥንታዊው የሚባለው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ የቆዳ እልባት ነው፤ ግብፅ ሳቃራ ከሚገኝ ገዳም ፍርስራሽ ሥር የተገኘ። ዕድሜው የታወቀው ማንም መንጥቆ ስላላወጣው ነው። ከመጽሐፉ ሽፋን ጋር እንደተያያዘ ነው የተገኘው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር ማለቴ ነው። ከመሪጌታው ፊት እጄን ሰብስቤ፣ ከራሴ አያት መጽሐፍ ላይ ግን ዘረጋሁት።

አያቴ አባባ መንዝ ማሐል ሜዳ ነው የኖረው። ዳዊቱ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት የታተመ ነበር፤ እዚያው የእኛ የቡልጋው ሰው፣ የፊደል ገበታው ላይ «ዘብሔረ ቡልጋ» እያለ የምናውቀው። ዳዊቱ መሃል ዘጠኝ ነገር ነበረ። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ከበግ ፀጉር የተገመደች ጥቁር ክር፣ ጫፏ ቋጠሮ ያላት፤ ሴት አያቴ ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከፈተለችው የተረፈ ነው ይባላል። ሌላዋ የ1961 ዓ.ም. የመሬት ግብር ደረሰኝ፤ አራት የታጠፈች፣ ሐምራዊ ማኅተም ያላት፣ የአባባ ሙሉ ስም በቀለም ብዕር የተጻፈባት።

አባባ በ2011 ሲያርፍ ዳዊቱን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ መጽሐፍ ትወዳለህ» ብለው። የተሸከምኩትን ሳላስቀምጥ ያደረግኩት ምንድን ነው? ዘጠኙንም አውጥቼ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። የትኛው ከየትኛው ገጽ እንደወጣ አልጻፍኩም። አንድ መስመር! እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ላሚኔቱ፣ ወረቀትን ፕላስቲክ ውስጥ በሙቀት ወደማሸጉ፣ ልምጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በመሥሪያ ቤት በኩል የሰነድ አያያዝ ሥልጠና ወስደን ነበር። ባለሙያው ከኋላው ፓወር ፖይንት እየበራ «ያረጀ ወረቀት ካላችሁ ላሚኔት አስደርጉት፣ ዕድሜ ልክ ይኖራል» አለን። እኔ ሞኙ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። የአባባን ዳዊት ገጽ ለመጻፍ ያልወጣው እስክሪብቶ ያን ቀን ወጥቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ውጭ ጉም አለ፤ የደብረ ብርሃን ጉም፤ መብራት ደግሞ መጣ ሄደ ይላል። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ፈጣንነቱ ነው የጎዳኝ። በመጀመሪያ የራሴን ሰጠሁት፦ የመጀመሪያ ደሞዜን ያገኘሁ ቀን የበላሁበት ምሳ ቤት ደረሰኝ። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ነው። ማሽኑ ውስጥ ነጭ ገባ፣ በሌላ በኩል ጥቁር ወጣ። እንደ ምጣድ ጥቁር። ያ ወረቀት በቀለም አይደለም የሚታተመው፤ በሙቀት ነው፤ ስለዚህ ሙቀት ሲያገኝ ሁሉም ይጠቁራል። ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ተሳሳቅን። ልጁ «ብራዘር ይሄ ወረቀቱ ነው» አለኝ። ሰማሁት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ አይደል?

ቀጠልኩ። የደረቀችው አደይ አበባ ገባች፤ ቡናማ ነጠብጣብ ሆና ወጣች። ከዚያ ክሯና ደረሰኟ ተራቸው ደረሰ። ልጁ «ለየብቻ ላድርጋቸው?» አለኝ። የአንዱ ዋጋ 20 ብር ነበር።

«በአንድ አድርጋቸው» አልኩት።

ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። 20 ብር ለማትረፍ። ክሯ ወፍራም ናት፣ ቋጠሮዋም አለ። ፕላስቲኩ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቋጠሮው ጋ ቆመ። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ልጁ ከኋላ ሳብ ሲያደርግ ጠመም ብሎ ገባ፤ ውስጡ ያለው ደረሰኝ ደግሞ ተጨራመተ፣ እንደ አኮርዲዮን። ከዚያ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ መጣ። የበግ ፀጉር ሲቃጠል ሽታውን መንዝ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከሩብ ደቂቃ በኋላ ሞቆ፣ አብለጭልጮ፣ ተጣሞ ወጣ። ክሯ ተጨፍልቃለች። ደረሰኟ እጥፋቷ ላይ ተደራርባ ለዘላለም ታሽጋለች። ልጁ አየት አደረገውና «ማሽኑ አንዳንዴ ይበላል» አለኝ። ሃያ ብሩን ተቀበለኝ። ከፈልኩት። ምን ብዬ እከራከራለሁ? በአንድ አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ።

እዚህም ላይ አላበቃሁም። ቤት ገብቼ በምላጭ ልፍታው አልኩ። ፕላስቲኩ ሲነሳ የወረቀቱን ፊት ይዞት ይነሳል፤ ሙጫው ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ገብቷልና። ማኅተሙ ወደ ፕላስቲኩ ሄደ። የአባባ ስም ግማሹ ቀረ። ምላጩን ያስቀመጥኩት እናቴ «ምን እያደረግክ ነው?» ብላ በሩ ላይ ስትቆም ነው። አሳየኋት። ምንም አላለችም፤ ይህ ከስድብ ይብሳል።

ያን የሥልጠናውን ባለሙያ ከወራት በኋላ አግኝቼው ነበር። ነገርኩት። «እኔ እኮ ያልኩት ለመታወቂያ ነው» አለኝ። ማስታወሻዬ ቤት አለ፤ «ያረጀ ወረቀት» ይላል። ተጨባብጠን ተለያየን።

ስለዚህ ማንም ምንም ቢላችሁ፣ የምትወዱትን ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ። የማይመለስ ነገር ነው። እኔ አሁን እያንዳንዱን እልባት በነጭ ወረቀት ፖስታ አድርጌ የጫማ ካርቶን ውስጥ በቁሙ ነው የምደረድረው። ፖስታውን የማጥፈው ከፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው፤ ሙጫ የለውም። ያን የሚሸተውን ለስላሳ ፕላስቲክ አልበም ተዉት፤ ከጊዜ በኋላ የሕትመቱን ቀለም ይዞ ይጣበቃል። ካርቶኑን ከግድግዳ አርቁት፤ የእኛ ክረምት ግድግዳውን ያስለቅሰዋል። ጓንትም ልበሱ ይላሉ። እኔ አልለብስም፤ በጨርቅ ጓንት ቀጭን ወረቀት ስታነሱ ጠርዙ አይሰማችሁም፣ ይቀደዳል። እጅ መታጠብና በደንብ ማድረቅ ይበቃል። የሱፍ ክር ካላችሁ ደግሞ ብል ይወደዋል። በፌስታል አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። እናቴ ከሥጋው ጎን የክር ፌስታል ስታገኝ የተናገረችውን አልጽፍም።

ከሁሉ በላይ ገጹን ጻፉ። የመጽሐፉን ስም፣ የገጹን ቁጥር፣ ፊቱ ወደየት እንደነበረ። በእርሳስ፣ ፖስታው ላይ። ይህን የምለው አክስቴ ስለመጣች ነው።

እትዬ የመጣችው ለአባባ ዓመት ነው። ዳዊቱን አንስታ ገለጠች፣ ገለጠች፣ ከዚያ «ክሯስ?» አለችኝ። ተርፋለች አልኳት፤ ትንሽ ተጎድታለች። «እሱን አይደለም። የት ላይ ነበረች?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳዊት በሳምንቱ ቀን የተከፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ። አባባ ሲጨርስ ክሯን ለነገው ያሻግራት ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ታሞ ብቻውን ሲተኛ በየትኛው ቀን ማንበብ እንዳቆመ ማንም አላየም። እትዬ ያን ቀን ማወቅ ፈልጋለች። የሚያውቀው ክሯ ያለችበት ገጽ ብቻ ነበር። ያንን ደግሞ እኔ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

«ደረሰኟ ግን አትንቀሳቀስም ነበር» አለች። «አንድ ቦታ ነው የምትኖረው።»

እሷ ከሄደች በኋላ ዳዊቱን ገጽ በገጽ አየሁት። መዝሙር 120 ጋ ቆምኩ፤ ስለ ተራሮች የሚናገረው። ገጹ መሃል ላይ ቡናማ አራት ማዕዘን ጥላ አለ፣ የታጠፈችው ደረሰኝ ልክ፤ ትይዩው ገጽ ላይም እንዲሁ። ርካሽ ወረቀት በራሱ አሲድ ለረጅም ዘመን የነካውን ገጽ እንዲህ ያቃጥለዋል። ምላጭ የጎዳት ደረሰኝ ቦታዋን ትታልኝ ሄዳለች። ለካ አባባ የመሬቱን ግብር ያኖረው ተራሮቹ ጋ ነው። ማሐል ሜዳን ያየ ይገባዋል። ለእትዬ ደወልኩላት፤ ዝም አለች፣ ከዚያ ሳቀች።

ክሯ ግን ጥላ አትተውም። የስልኬን መብራት ከገጹ ጎን አጋድሜ አብርቼ ፈለግኩ፤ በዚህ መንገድ ትንሽ ጉድጓድም ይታያል። አገኘሁ። ችግሩ ብዙ አገኘሁ። መዝሙር 1 ጋ ቦይ አለ። 31 ጋ አለ። 61፣ 81፣ 111፣ 131 ጋ አለ። እሑድም አለ። ስንት ዓመት ስትሻገር የኖረች ክር ሁሉም ላይ ተኝታለች። ሁሉም እኩል ነው የጎደጎደው።

እትዬ በፋሲካ ደውላ «አገኘኸው?» አለችኝ። ሰባቱም አሉ አልኳት።

«እስቲ ደግመህ እየው» አለችኝ።