ካርቡሬተሩ ያልበደለው ሞተር

ወደ ጥገና ክፍላችን የመጣው ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር የተመዘገበበት ቅሬታ አጭር ነበር፦ በፍጥነት ከተነዳ በኋላ የቤንዚን መስጫው ሙሉ በሙሉ ቢመለስም ሞተሩ ቶሎ ወደ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጥ ቀስ ብሎ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አይወርድም፤ ማርሽ ሲገባም በኃይል ይመታል። ከእኛ በፊት ያየው ባለሙያ ጩኸቱን ለመቀነስ የሚኒሞውን ብሎን አላልቶት ስለነበር፣ ሞተሩ በቀዝቃዛነቱ ሲነሳ ወዲያው መጥፋት ጀምሯል። አንድ የነበረው ችግር በዚህ መንገድ ሁለት ሆኖ ነው የደረሰን።

ሞተሩን በውኃ ገንዳ ውስጥ አስነስተን (ያለ ውኃ ማስነሳት የፓምፑን ላስቲክ ወዲያው ይበላዋል) ፍጥነቱን ከፍ አድርገን መለስነው። አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው የካርቡሬተሩ የአየር በር ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፤ ሞተሩ ግን መጮኹን ቀጠለ። በሩ ተዘግቶ ፍጥነቱ ካልወረደ፣ ወይ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው፣ ወይ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ እሳቱን ከጊዜው አስቀድሞ እየሰጠ ነው። በማሸጊያዎቹ ዙሪያ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ስላላገኘን እሳቱ የሚሰጥበትን ጊዜ የሚያሳየውን የታይሚንግ መብራት አገናኘን፤ የቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ማግኔት ያለበት ከባድ ጎማ) ምልክትም ወደ ሚኒሞው ቦታ ሳይመለስ ፈጠን ባለበት ቦታ እንደቆመ ታየ።

በዚህ ዓይነት ሞተር የእሳቱን ጊዜ የሚወስነው ከቮላኖው ሥር ያለው፣ ሴንሰሮቹን የተሸከመው ክብ ሰሌዳ ነው። ቤንዚን ሲሰጥ ሰሌዳው ከቮላኖው ዙረት በተቃራኒ አቅጣጫ ጥቂት ስለሚዞር ማግኔቱ ሴንሰሩ ዘንድ ቀደም ብሎ ይደርሳል። በደቂቃ 5,000 ዙር የሚዞር ሞተር አንዱን ዙር በ0.012 ሰከንድ ስለሚጨርስ፣ ነዳጁ በወቅቱ ነዶ ፒስተኑን እንዲገፋ እሳቱ መቅደም አለበት፤ በሚኒሞ ጊዜ ግን ያው የቀደመ እሳት ፍጥነቱን አላግባብ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል።

ሞተሩን አጥፍተን፣ ባትሪውን ነቅለን፣ ሰሌዳውን ከማገናኛ ዘንጉ ለይተን በጣት ገፋነው፤ ሄደ፣ ሲመለስ ግን መሃል ላይ ያዘ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ዘይት እንርጭበት ብሎ ነበር። የተረጨ ዘይት ለጊዜው ያላቅቃል፣ በኋላ ግን አቧራ ሰብስቦ ይብስበታል፤ በዚህ ምክንያት አልፈቀድኩም። ቮላኖውን ጠርዙን በመፈልቀቅ ሳይሆን መሃሉ ላይ በሚታሰር ማውጫ አነሳነው፤ ጠርዙን መፈልቀቅ ማግኔቶቹን ሊሰነጥቅ ይችላል። ከሥሩ ያገኘነው ግራሶ ደርቆ ቡናማ ሰም መስሏል፣ በአሉሚኒየሙ ማረፊያ ላይም ዝገቱ ነጭ ዱቄት ሠርቷል።

ማረፊያው ተጠርጎ አዲስ ግራሶ በስሱ ከተቀባ በኋላም ሰሌዳው በመጨረሻው ጫፍ ላይ ጥቂት ያንገራግር ነበር። ለካ ከሴንሰሮቹ የሚወጣው የሽቦ እስር በፕላስቲክ ማሰሪያ ተወጥሮ ታስሯል፤ ሰሌዳው ሲዞር ሽቦው ይጎትተዋል። ማሰሪያውን ቆርጠን ሽቦው ልል እንዲል አድርገን መልሰን አሰርነው፤ ያኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ምንም መያዝ ተንሸራተተ።

ቮላኖው የሚቀመጥበትን ሾጣጣ ዘንግ ቅባት በሌለው ንጹሕ ጨርቅ ጠርገን፣ ዳዶውን በመመሪያው ልክ አጠበቅን። ከዚያ ታይሚንጉን አስተካክለን፣ የካርቡሬተሩን የሚኒሞ ብሎን ግን መጨረሻ ላይ፣ ሞተሩ ከሞቀና ማርሽ ከገባ በኋላ ነካነው፤ ተላልቶ የነበረውን ያህል መልሰን ማጥበቅ አስፈለገን።