ካባው መጀመሪያ ያስተማረን ስለ ውሃ ነው

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ እኛ ሰፈር ጫፍ ላይ አንድ የድንጋይ ካባ አለ። ድንጋይ ማውጣት ከቆመ ቆይቷል። የቀረው ጉድጓድ ነበር፤ በበጋ ቆሻሻ የሚጣልበት፣ በክረምት ውሃ የሚሞላ፣ እናቶች ልጅ ጠፋ ብለው መጀመሪያ ሮጠው የሚያዩት ጉድጓድ። ዛሬ እሁድ እሁድ ሰው ጥላ ፍለጋ ይመጣበታል።

የመጀመሪያው ዓመት ግን እንዲህ አልነበረም። ሐምሌ ላይ የእድሩ ሰዎችና የሰፈሩ ወጣቶች ተሰብስበን 200 ችግኝ ተከልን። ፎቶ ተነሳን፣ ደስ ብሎን ገባን። ነሐሴ ላይ ስንመለስ የካባው ወለል ኩሬ ሆኗል። ከውሃው በላይ የሚታየው የችግኞቹ ጫፍ ብቻ ነው። ከውሃ የተረፉትን ደግሞ በጋው ጨረሳቸው። ፋሲካ ሲደርስ በሕይወት ያሉት 11 ነበሩ። አለቀስኩ።

እዚያው ካባ ውስጥ ጉልበታቸውን የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ አሉ። ስንተክል ዳር ቆመው ያዩን ነበር። በኋላ ቤታቸው ሄድኩ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ካባው ውሃ የሚይዝበት ቦታ አለው፣ የሚለቅበትም አለው። እናንተ በሚይዝበት ተከላችሁ» አሉኝ።

«ምነው ያኔ ቢነግሩን አባቴ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነታቸውን ነው። ወስደው አሳዩኝ። ስንጥቅ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል፤ ድፍኑ እንደ ገበቴ ያቁራል። ይህ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ጣናንም በደቡብ በኩል የገደበው እንዲህ ያለው ፍሳሽ ነው። ሐይቅ ያቆመ ድንጋይ የእኛን ችግኝ ማስጠሙ ሊደንቀን አይገባም ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ምንም አልተከልንም። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ነገሩ ቀረ ያሉም ነበሩ። እኛ ግን በየሳምንቱ እየሄድን ውሃው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በኖራ እናሰምር ነበር። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ሳያዩ ካባ ውስጥ መትከል ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው። የኖራው መስመር ከማንኛውም ፕላን በላይ ጠቅሞናል።

በጋ ሲገባ ዝቅ ባለው ጠርዝ በኩል ቦይ አስፈለፈልን። በድጅኖና በመዶሻ የሠሩት እነዚያው ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው፤ በነፃ አይደለም፣ ከፍለናቸው ነው። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ ውሃው ሳምንት ሳይሞላው እንዲወርድ አደረግን። ገደሉ ላይ የላላውን ድንጋይም እነሱው አወረዱት። በወረደው ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ እርከን ደረደሩበት። እስካሁን አልተናደም።

አፈሩ ሌላ ጣጣ ነበር። ከተማ ውስጥ ቤት ከሚሠሩ ሰዎች የመሠረት ቁፋሮ አፈር ለምነን አመጣን። ግማሹ መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከካባው ደቃቅ ጠጠርና ከላም ፍግ ጋር ስንቀላቅለው ተስተካከለ። እምቦጭ ከሐይቁ አምጥተን ኮምፖስት እናድርገው ያለ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያደረሰውን ሁሉም ያውቃል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ የእኛ ቦይ ደግሞ መጨረሻው ሐይቁ ነው።

ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል ብለው የወተወቱን አሉ። ከሥሩ ሌላ ነገር አላይ ስለሚል ተውነው። ሾላን ስንጥቁ ዳር፣ ዋንዛንና ብሳናን አፈሩ ወፈር ባለበት፣ ወይራን ከላይ ደረቁ ላይ ተከልን። ትንንሽ ችግኝ ከትልልቁ ይሻላል፤ ሥሩ ገና ለጋ ስለሆነ ስንጥቁን ፈልጎ ይገባል። ለበጋው ባዶ ሃይላንድ ሰበሰብን። ክዳኑን በመርፌ በስተን፣ ውሃ ሞልተን፣ በየችግኙ ሥር ዘቅዝቀን ተከልነው። ጠብ ጠብ እያለ ቀናት ያቆየዋል። ላዩን ሳር ጎዘጎዝንበት። በዚያ በጋ የሞተብን ጥቂት ነው።

አጥሩን በቅንጭብ ልናደርግ ነበር። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፤ ልጆች ደግሞ ቀንበጥ መስበር ይወዳሉ። በቀጋ ለወጥነው። ፍየሎቹን ግን አጥር ብቻ አላቆማቸውም። እረኞቹን ሰብስበን ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ችግኝ ሰጠናቸው፤ ውሃ የሚያጠጡትም እነሱ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ፍየል ስትገባ መጀመሪያ የሚጮኸው እረኛው ነው።

ቡና የምታፈላ አንዲት የሰፈራችን ሴት በሩ አጠገብ ጀበናዋን ጥዳለች። ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ መጥተው ሾላው ሥር ይቀመጣሉ። ዘንድሮ ሦስተኛውን እርከን ልንተክል ነው፤ ዓርብ ዕለት ከእሳቸው ጋር ሆነን የድሮውን የኖራ መስመር እያየን ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ምልክት አደረግን። ሁለት ቦታ ላይ «እዚህ አይሆንም» አሉን፤ ባዶውን ተውነው።