አማካይ ቁጥር የደበቀው የቧንቧ ድምፅ

ከመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ጀርባ የፍሳሽ ቧንቧ ያልፋል። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቼ የሽንት ቤት ውሃ በለቀቁ ቁጥር ከእንቅልፌ እነቃለሁ። አቤት አልኩ፤ የሕንፃው አስተዳደርም ባለሙያ ላከ።

ሰውየው የመጣው ረፋድ ላይ፣ የመንገዱ ድምፅ በተዘጋ መስኮት በሚያልፍበት ሰዓት ነው። መለኪያውን ክፍሉ መሃል ተክሎ ለግማሽ ሰዓት አማካይ እንዲይዝ አደረገው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ላይ ቤት ውሃ የተለቀቀው አንድ ጊዜ፣ ለ15 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ውጤቱ 29 ዴሲቤል ሆነ። የግንባታ ውላችን የሚጠቅሰው የጀርመኑ የሕንፃ ድምፅ መከላከያ ደረጃ፣ ዲአይኤን 4109፣ ለመኝታ ክፍል የሚፈቅደው 30 ነውና «ያሟላል» ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

29 የመንገዱ ድምፅ እንጂ የቧንቧው አልነበረም። 15 ሰከንድ በ1,800 ሰከንድ ላይ ሲበተን ይጠፋል፤ እኔን የሚቀሰቅሰኝ ግን ያው 15 ሰከንድ ነው። የ30ው ገደብም የተቀመጠው ለከፍተኛው ንባብ እንጂ ለአማካዩ አይደለም። ይህን ባለሙያ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ማወቅ ነበረበት!

መለኪያ ተውሼ ራሴ ለካሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣውን አጠፋሁ፤ መለኪያውን ጥግ ላይ አቁሜ፣ ድምፁን እንደ ሰው ጆሮ በሚመዝነው ኤ ማጣሪያና ቅጽበታዊ ለውጥን በሚከተለው ፈጣን ንባብ ላይ አድርጌ ከፍተኛውን እንዲይዝ አዘዝኩት። ክፍሉ ጸጥ ሲል 21 አነበበ። ላይ ያለችው ጎረቤቴ ቃሏን ጠብቃ ሦስት ጊዜ ውሃ ለቀቀች፤ 36፣ 35፣ 36። ልዩነቱ ከ10 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ ለአካባቢው ድምፅ የሚቀነስ ነገር የለም። ክፍሉ መሃል ብቻ አትለኩ፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚከማቸው ጥግ ላይ ነው። በሕንፃ ውስጥ የቧንቧና የመሰል መሣሪያዎች ድምፅ የሚለካበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 16032ም፣ አንዱን የመለኪያ ቦታ ጥግ ያደርገዋል።

አስተዳደሩ ግድግዳውን በስፖንጅ እንድሸፍን መከረኝ። እምቢ አልኩ። ውሃው ሲወርድ መዳፌን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ንዝረቱ ይሰማኝ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ስፖንጅ አያቆመውም። ግድግዳው ሲከፈት ቧንቧው ወለሉን በሚያልፍበት ቦታ በሲሚንቶ ተጣብቆ፣ ማቀፊያዎቹም ያለ ላስቲክ ታስረው ተገኙ። ሲሚንቶው ተፈልፍሎ በላስቲክ ተተካ፤ ማቀፊያዎቹም ተቀየሩ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጥግ ስለካ 27 አነበበ።

29 የሚለው ወረቀት ግን አሁንም ከነፊርማዬ መዝገቡ ውስጥ አለ። እንዲሰረዝ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ።