ካሴቶቼን በፊደል ተራ መደርደር ለምን ተውኩ

በቤታችን 312 ካሴቶች፣ 86 ሲዲዎችና 41 ሸክላዎች አሉ። ይህን ቁጥር ዛሬ ሳልጠራጠር መጻፍ የቻልኩት ሁለት ጊዜ ደርድሬ ሁለት ጊዜ ካፈረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ካሴቶቹ በስምንት የጫማ ካርቶን ተከፋፍለው ከአልጋ ሥር፣ በቁም ሣጥን አናት ላይና በቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ መሳቢያ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ አንድ ዘፈን መስማት ያማረው ሰው ካርቶኖቹን ፈትቶ ሳይጨርስ አምሮቱ ይጠፋ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራዬ፣ ማንም እንደሚያደርገው፣ በድምፃዊው ስም ከሀ እስከ ፐ መደርደር ነበር። በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቅ ሥራ መስሎኝ ጀመርኩት፤ ገና ከጅምሩ ያስቆመኝ የሂሩት በቀለ ካሴት ነው። ባሉኝ ካሴቶች ላይ ስሟ በአንዱ «ሂሩት»፣ በሌላው «ኂሩት» ተብሎ ተጽፏል። በንባብ ምንም ልዩነት የለውም፤ በመደርደሪያ ላይ ግን ሃሌታው ሀ የገበታው መክፈቻ ሲሆን ብዙኃኑ ኀ ከቸ ቀጥሎ ስለሚመጣ የአንዲት ድምፃዊት ሥራ ሁለት ቦታ ይወድቃል። አለማየሁ እሸቴም በአልፋው አ ሲጻፍ አንድ ቦታ፣ በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ከ፣ ኸ እና ወ ካለፉ በኋላ ሌላ ቦታ ይገኛል። ሰው «ያው ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ኮምፒውተር ግን አያልፈውም። «ጥላሁን ገሠሠ» እና «ጥላሁን ገሰሰ» ለእርሱ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

ውጭ አገር የተሠሩት የሙዚቃ ማስቀመጫ ፕሮግራሞች ደግሞ የራሳቸውን ጣጣ ጨመሩበት። ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ስለሚወስዱት «በመጨረሻ ስም ደርድር» የሚለውን ምርጫ የነካ ሰው ማህሙድ አህመድን በአባቱ ስም አ ሥር ያገኘዋል። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ ቤተሰቡ የሚጠራበት ስም ስላልሆነ ማንም ሰው ቴፕ አጠገብ ቆሞ «እስቲ የአህመድን ካሴት አምጣ» አይልም። ከያዝኳቸው ድምፃውያን መካከል በዚህ ቀውስ ጊዜ ከፊደሉ ያልተነቀለው ሙሉቀን መለሰ ነበር፤ እርሱም የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ስሙ በመ ስለሚጀምር ነው።

የሆነው ሆኖ አሠራሩን ያፈረሰው ሞክሼ ፊደል አይደለም፤ የስብስቡ ማደግ ነው። አክስቴ ቤት ስትቀይር 30 ካሴት ላከችልኝ፤ ከእነርሱ ውስጥ በበ የሚጀምሩትን አምስቱን በቦታቸው ለማስገባት ከበ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ካሴት፣ አንድ በአንድ ወደ ቀኝ መግፋት ነበረብኝ። በዚያ ላይ በቤቱ ውስጥ ደርዳሪው እኔ አንድ ስሆን ሰሚዎቹ አምስት ነን። ሰምቶ የጨረሰ ሰው ካሴቱን ክፍተት ባየበት ይሰካዋል፤ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ጥፋትም አይደለም።

ሁለተኛው ሙከራዬ በዘመን መደርደር ሲሆን ከመጀመሪያው ፈጥኖ ፈረሰ። ብዙ ካሴቶቻችን የታተሙበት ዓመት የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አይናገሩም። «1985» የሚል ጽሑፍ የኛው 1985 ነው ወይስ የፈረንጁ? በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሆነ አንድን ካሴት ከደርግ ዘመን አውጥቶ ከደርግ ውድቀት በኋላ ያስቀምጠዋል። ከዚህ ድካም ያተረፍኩት አንድ ዘዴ ግን አለ። የአዲስ አበባ የስልክ ቁጥር በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሰባት አኃዝ እስኪቀየር ድረስ ስድስት አኃዝ ስለነበር፣ በሽፋኑ ላይ የታተመው የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ስድስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ሽፋኑ ከዚያ በፊት የታተመ ነው ማለት ነው። በዚህ መንገድ ብቻ ዓመት አልባ ከነበሩት ካሴቶቼ አብዛኞቹን ቢያንስ በግምት ከፋፍያቸዋለሁ።

በድጋሚ የታተሙት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳሉ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ በሸክላ ያወጣቸው በርካታ ዘፈኖች፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀውና የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ባሳተመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ በሲዲ ወጥተዋል። ሲዲውን በታተመበት ዓመት ካስቀመጥኩት የንጉሡ ዘመን ድምፅ ከእኔ ጉርምስና ጋር አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣል፤ በተቀረጸበት ዓመት ላስቀምጠው ካልኩ ደግሞ አንዱ ሲዲ በውስጡ የተለያየ ዓመት ዘፈኖችን ስለሚይዝ መሰንጠቅ ይኖርብኛል።

በሦስተኛው ጊዜ የገባኝ ነገር መደርደሪያው ምንም እንዲያውቅ መጠየቅ እንደሌለብኝ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ወደ ቤት በገባበት ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ ፈጽሞ አይቀየርም፤ አዲስ የመጣ ሁሉ መጨረሻ ላይ ይቆማል። 56ኛው መዝሙር፣ 57ኛው የሠርግ ዘፈን፣ 58ኛው የእንግሊዝኛ መማሪያ ቢሆን መደርደሪያው አያገባውም። ድምፃዊውን፣ ባንዱን፣ ዘመኑንና ቅኝቱን የሚያውቀው መዝገቡ ነው። መዝገቡን መጀመሪያ በሠንጠረዥ ደብተር፣ በኋላም በኤክሴል ያዝኩት፤ በኤክሴል ሲሆን በአንድ ጠቅታ በፈለግሁት ዓምድ ይደረደርልኛል፣ መደርደሪያው ላይ ግን አንድም ካሴት አይንቀሳቀስም። መልሶ ለማስቀመጥም ቁጥር ማንበብ ብቻ ስለሚበቃ የሰባት ዓመቱ የእኅቴ ልጅ ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ሆኗል።

ቁጥሩን በሽፋኑም በካሴቱ ገላ ላይም መጻፍ ግዴታ ነው፤ ይህን የምለው ቁጥር ልሰጥ ሁሉንም አንድ በአንድ ስከፍት ያየሁትን አይቼ ነው። በ27 ሽፋኖች ውስጥ የነበረው ካሴት ሽፋኑ የሚለው አልነበረም። በአንዱ የክራር ሽፋን ውስጥ ከሬዲዮ የተቀዳ የኳስ ጨዋታ አገኘሁ፤ እንዳይቀዳበት ተሰብሮ የነበረው የላይኛው ቀዳዳ በወረቀት ተወትፎ በላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ ጥፋቱ ሆን ተብሎ መፈጸሙን ወረቀቱ ይመሰክራል። ቁጥር 141 ከሁሉም የባሰ ነበር፦ ሽፋኑ አለ፣ የግጥሙ ወረቀት ሳይቀር በውስጡ ታጥፎ አለ፣ ካሴቱ ግን የለም። ቁጥሩን ለባዶው ሽፋን ሰጥቼ በመዝገቡ «ይፈለጋል» ብዬ ጻፍኩ።

በካሴቱ ገላ ላይ ወፍራም ወረቀት መለጠፍን አልመክርም፤ በመኪና ቴፕ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ይላል። በማይለቅ ቀጭን ማርከር ጥግ ላይ መጻፍ ይሻላል። ሸክላን ግን በምንም ዓይነት ቀለም አልነካውም፤ ቁጥሩ የሚሰፍረው ከውጭ ባለው የላስቲክ ከረጢት ላይ ነው። ሸክላዎቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ከተጋደሙ ይጣመማሉ።

የመዝገቡ ዓምዶች በጊዜ ብዛት በዙ። ስሙ ሽፋኑ ላይ እንዳለ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ አለ፤ ለፍለጋ ሲባል ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተጠቀለሉበት ሌላ ዓምድ አለ፣ በዚያ ላይ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ብቻ ይሠራሉ። የዓመቱ ዓምድ ከጎኑ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈበት ባዶ እንደሆነ ይቆጠራል። የድምፃዊውን ስም ብቻ ይዤ ቆይቼ አጃቢ ባንድ የሚል ዓምድ ስጨምር ደግሞ ለሃያ ዓመት የሰማሁትን ሙዚቃ እንደገና ያወቅሁት መሰለኝ፦ በተለያዩ ድምፃውያን ስም ከያዝኳቸው ካሴቶች ውስጥ ከ40 በሚበልጡት ላይ ያጀበው ሮሃ ባንድ ነበር፣ ዳህላክ ባንድና ኢትዮ ስታርስም ይከተላሉ። በድምፃዊ ስም የተደረደረ መደርደሪያ ይህን ፈጽሞ አያሳይም።

ቅኝት የሚለው ዓምድ ከሁሉ ያደከመኝና ከሁሉ የምወደው ነው። ሲዲ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ፕሮግራሙ የሙዚቃውን ዓይነት «የዓለም ሙዚቃ» ብሎ ይሞላዋል፤ በዚህ ስሌት ማሲንቆውም፣ የፖሊስ ኦርኬስትራውም፣ በገናውም አንድ ናቸው። እኔ በምትኩ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ብዬ እመድባለሁ፤ የማላውቀውን ክራር የሚጫወት ጎረቤቴን እጠይቃለሁ። ትዝታ የቅኝቱም የዘፈኑም ስም ስለሆነ በርዕሱ ብቻ የፈለገ ሰው ደርዘን ሙሉ ትዝታ ይቀርብለታል፤ የቅኝቱን ዓምድ ከርዕሱ የለየሁት ለዚህ ነው።

ወቅት የሚለውን ዓምድ ያስገቡት እናቴ ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ በቤታችን ዘፈን አይከፈትም፤ ለ55 ቀን በገናና መዝሙር ብቻ ይሰማል፣ የዓለሙ አጋ በገናም በዚያን ጊዜ ከቦታው ይወርዳል። እናቴ መዝሙርና ዘፈን በአንድ መደርደሪያ ላይ መሆናቸውን ሲያዩ ሥርዓቴን በሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ናዱት፦ «እነዚህን ከእነዚያ ጋር ምን አገናኛቸው?» የቁጥሩን ጥቅም ላስረዳ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም። አሁን መዝሙራቱና የበገናው ካሴቶች በላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻቸው ናቸው፤ በመዝገቡ ውስጥ ግን ቁጥራቸው ሳይቀየር ከዘፈኑ ጋር ተራ በተራ ተጽፈዋል። መዝገቡን እናቴ አይከፍቱትም።

ወደ ኮምፒውተር መገልበጡ ገና አላለቀም። በመጀመሪያ 20 ካሴቶችን ለአንድ ሱቅ ሰጥቼ አስገልብጬ ነበር፤ የተመለሰልኝ ሁሉም ፋይል «ትራክ 1»፣ «ትራክ 2» እየተባለ የተሰየመበትና የየዘፈኑ መግቢያ የተቆረጠበት ፍላሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ራሴው እገለብጣለሁ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይወስዳል፣ ማፋጠን የለም፤ በየቅዳሜው ሁለት እየገለበጥኩ 312ቱን ለመጨረስ ሦስት ዓመት ያስፈልገኛል፣ መብራት የሄደባቸውን ቅዳሜዎች ሳልቆጥር። የምቀዳው ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ሲሆን የማስቀምጠው ፍላክ በተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ነው፤ በሲዲ ጥራት አንድ ሰዓት ሳይታመቅ 600 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒስሪ ከዚያ አወጣለሁ።

የፋይሎቹን ስም በቁጥር ብቻ ነው የምሰይመው፦ 0217-1-03 ማለት የ217ኛው ካሴት የመጀመሪያ ገጽ ሦስተኛ ዘፈን ነው። የአማርኛ ርዕሱን በፋይሉ ውስጥ ባለው መግለጫ ላይ እጽፋለሁ፤ ሆኖም ያረጁ ማጫወቻዎች የሚያነቡት አሮጌው የመግለጫ ዓይነት ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ስለሚሰጥ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ ርዕሱ ቢበዛ ከአሥር ፊደል ላይ ይቆረጣል። የመኪናዬ ማጫወቻ እዚያም አይደርስም፣ ባዶ ሣጥኖችን ደርድሮ ያሳየኛል። ቁጥሩን ግን ያነባል፣ ቁጥሩን ካየሁ ደግሞ ስልኬ ላይ ያለው መዝገብ ቀሪውን ይነግረኛል።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ መዝገቡን ሲያገላብጥ ቁጥር 141 ላይ ቆመና ሳቀ። ካሴቱ የት እንዳለ ያውቃል፦ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ እርሱ ራሱ መኪናው ቴፕ ውስጥ ከትቶት አልወጣ ብሎ እዚያው ቀርቷል። መኪናውን ከሸጥነው አራት ዓመት ሆኖናል።